ትልቅ የኮራል አኳሪየም ለባዶ ሳሎን፦ ደሴ ላይ የቱ ይሻላል? ኮምቦልቻ ላይስ?

ዕቃ ያልበዛበት ሳሎን ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ይፈልጋል። ቡፌው ከወጣ፣ ግድግዳው ነጭ ከሆነ፣ ሶፋውም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም የባህር ውሃ ከነኮራሉና ከጥቂት ዓሣዎቹ ጋር ክፍሉን ለብቻው ይሞላዋል። (ኮራል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ ነው።) ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ አኳሪየም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አፓርታማ ውስጥ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ፣ ምንም ዕቃ ሳትገዙ ይህን አንብቡ።

ብዙ ሰው ምርጫውን ከዓሣው ይጀምራል። የቱ ዓሣ ያምራል፣ የቱ ኮራል ያበራል ይላል። እኔ ከሌላው ጫፍ ብትጀምሩ እመርጣለሁ። ሳሎኑን ጸጥ ያለና የጸዳ የሚያደርገው የማይታየው ክፍል ነው። ፓምፑ፣ ማሞቂያው፣ ገመዱ፣ የጨው ባልዲው፣ የውሃ ጀሪካኑ የራሳቸው ቦታ ከሌላቸው ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ባዶ ሳሎን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ በሦስት ጥያቄ እመዝነዋለሁ። ማሽኑ የት ይደበቃል? መብራት ሲሄድ እንስሳቱ ስንት ሰዓት ይቆያሉ? ወለሉስ ይችለዋል?

ዋጋ በብር አልጽፍም። ዕቃው አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ከርሞ አይሠራም። በሊትር፣ በኪሎና በዋት ካሰባችሁ ግን ሒሳቡ በማንኛውም ጊዜ ያገለግላችኋል።

ከሐረጎ በላይና ከሐረጎ በታች

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአኳሪየም ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ልዩነት ሁለት ነገር ይለውጣል።

አንዱ ሙቀት ነው። ኮራል ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ደሴ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ኮምቦልቻ ላይ ፈተናው ግንቦትና ሰኔ፣ ከቀትር በኋላ ነው። የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ መብራቱና ፓምፑም ውሃውን ሲያሞቁት አኳሪየሙ በቀላሉ 28 ዲግሪን ያልፋል። በዚያ ሙቀት ለቀናት ከቆየ ኮራሉ ውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች ይተፋል። ቀለሙንም ምግቡንም የሚያገኘው ከእነሱ ስለሆነ ይነጣል፣ ይራባል።

ሁለተኛው ኦክስጅን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ ባህር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ 5.4፣ ደሴ ላይ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው የሚይዘው። የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል የሚሉት ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ አስበው ነው። ስለዚህ የሚሉትን ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ በሩብ፣ ደሴ ላይ በሲሶ ቀንሱት። የውሃው ገጽም ቀንና ሌሊት መናወጥ አለበት። ደግነቱ፣ ለእንዲህ ያለ ሳሎንም ጥቂት ዓሣ ነው የሚያምረው።

አራት ዓይነት አኳሪየም

ለማነጻጸር እንዲመች ሁሉንም በአንድ መጠን እንያቸው። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 405 ሊትር ማለት ነው።

የመጀመሪያው አክሮፖራና መሰሎቹ የሚኖሩበት ነው። እነዚህ እንደ ቅርንጫፍ የሚያድጉ፣ ጠንካራ የድንጋይ አጽም ያላቸው ኮራሎች ናቸው። በፎቶ ላይ ልብ የሚሰርቁት እነሱ ናቸው። ግን ኃይለኛ መብራትና ኃይለኛ ሞገድ ይፈልጋሉ። ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየሙ 1,300 አካባቢ ሆኖ በየቀኑ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ለዚህም ፈሳሽ በጠብታ የሚጨምሩ ትናንሽ ፓምፖች፣ ጠርሙሶችና የመመርመሪያ ኪቶች ይሰለፋሉ። ውሃው ለጥቂት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ቢቆም መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ዕቃ መቀነስ ለሚፈልግ ቤት፣ ለጀማሪ፦ በሦስቱም መመዘኛ ወደ ኋላ የሚቀር ምርጫ ነው። ልምድ ያለው ሰው እንኳ መጀመሪያ ሌላውን አንድ ዓመት ሠርቶ ቢመጣበት ይሻላል።

ሁለተኛው የለስላሳ ኮራል አኳሪየም ነው። የድንጋይ አጽም የላቸውም፤ ቆዳ የሚመስሉ፣ እንጉዳይ የሚመስሉ፣ እንደ ሣር የሚወዛወዙ ዓይነቶች ናቸው። ሳርኮፊቶን፣ ዲስኮሶማ፣ ዜንያ የሚባሉትን ፈልጉ። መካከለኛ መብራት ይበቃቸዋል። የካልሲየም ፍጆታቸው ትንሽ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን መቀየር ብቻ የሚፈልጉትን ይሰጣቸዋል። ጠርሙስ የለም፤ የጠብታ ፓምፕ የለም። ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ በግማሽ ይቀንሳል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋም ይሰበሰባሉ፣ ሲመለስ ይከፈታሉ። ውበታቸውም ሌላ ነው። አክሮፖራ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እነዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛሉ። ምንም በማይንቀሳቀስበት ሳሎን ውስጥ የሚያስፈልገው ይህ እንቅስቃሴ ነው። ለኮምቦልቻ ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። ደሴ ላይም ማሞቂያውንና ባትሪውን ማሟላት የሚችል ሰው ይህን ይያዝ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዞአንተስ የሚባሉት በቀለም ያጌጡ ትናንሽ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ሕጻናት ባሉበት ቤት ቢቀሩ እመርጣለሁ። ካስገባችሁም ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከላከያ አትንኳቸው። የተጣበቁበትን ድንጋይ በፍጹም አታፍሉት፤ እንፋሎቱ ሳንባ ይጎዳል።

ሦስተኛው፣ ያለ ኮራል የባህር ዓሣ ብቻ መያዝ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰዎች ኮራሉን ሲተዉት ትልልቅ ዓሣ ያስገባሉ። ትልልቅ ዓሣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ደሴ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ነው የሚያንሰው። ይለፈን።

አራተኛው ጭራሽ ባህር አይደለም። የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቆች ዓሣዎች፣ ሲክሊዶች የሚባሉት፣ የሚኖሩበት የድንጋይ አኳሪየም ነው። ሰማያዊና ቢጫ ቀለማቸው ከባህር ዓሣ አይተናነስም። ሙቀታቸው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ ካልኩና ማዕድን የበዛበት ውሃ ይወዳሉ። ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ነገር የሚያስቀር የቧንቧ ውሃ ካላችሁ፣ ክሎሪኑ ከተወገደለት ለእነሱ ተስማሚ ነው። የጨው ባልዲ የለም፤ የቧንቧ ውሃ ማጣሪያ የለም፤ የገንዳውን ውሃ የሚያጣራ ካኒስተር የሚባል አንድ ዝግ ማጣሪያ ካቢኔ ውስጥ ይበቃል። ጨው የሌለው ውሃ ከባህር ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ስለሚይዝ የደሴ ከፍታም ያን ያህል አያስጨንቃቸውም። ይህ ለኮራል አቅም ላነሰው የሚሰጥ መጽናኛ አይደለም። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት፣ ባትሪ የሌለው ሰው መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ እነዚህ ዓሣዎች ይጣላሉ። የተለመደው መፍትሔ ተዋግተው እንዳይገዳደሉ ብዙ አድርጎ ማጨናነቅ ነው። ጥቂት ብቻ መያዝ ከፈለጋችሁ ቢጫውን ላቢዶክሮሚስ የመሳሰሉ ረጋ ያሉትን ምረጡ።

ፍጆታቸውን በኪሎዋት ሰዓት አስልቼዋለሁ። ደሴ ላይ አክሮፖራው በቀን 10 አካባቢ፣ ለስላሳው ኮራል ከ6 እስከ 7፣ ሲክሊዱ ከ4 እስከ 5 ይበላል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ማሞቂያው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ቀንሱ። የቤት መብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውም ስለሚጨምር ልዩነቱ ቆጣሪው ላይ ከሚታየው በላይ ነው።

ረጅምና ዝቅተኛ ወይስ ቁመታም?

ይህ ለእኔ ዋናው ምርጫ ነው። ከዓሣው ዓይነት ይልቅ የሳሎኑን መልክ የሚወስነው ይህ ነው።

ትልቅ ሲባል ብዙ ሰው ቁመት ያስባል። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 90 የሆነ አኳሪየም አስቡ። እሱም 405 ሊትር ነው። ሊትሩ አንድ ነው፤ የውሃው ገጽ ግን አንድ አይደለም። ዝቅተኛው 0.9 ካሬ ሜትር ገጽ አለው፤ ቁመታሙ 0.45። ኦክስጅን የሚገባው በገጹ በኩል ስለሆነ ቁመታሙን ደሴ ላይ ማስቀመጥ ቀድሞ ያነሰውን ኦክስጅን በሌላ በኩል ማሳነስ ነው። ቁመታሙ ከታች የሚያርፍበት ግፊት እጥፍ ነው፤ ወፍራም መስታወት ይጠይቃል። መብራቱም ታች ሳይደርስ ይደክማል። የገንዳውን ወለል ለማጽዳት ክንዳችሁ አይደርስም፤ መሰላልና ረጅም መቆንጠጫ ሳሎን ውስጥ ይገባል።

ዝቅተኛው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ገጹ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ይተናል። በበጋ ደረቅ አየር በቀን 5 ሊትር አካባቢ ውሃ ሊጠፋ ይችላል። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው ስላልሆነ ቀሪው ውሃ ጨዋማነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የጎደለውን ንጹሕ ውሃ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ግዴታ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ካቢኔ ውስጥ ከ20 ሊትር ጀሪካን ጋር ይገባል።

ርዕደ መሬትንም አትርሱ። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷት ነበር። ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ ገንዳ ሲናወጥ ውሃ ይደፋል፤ ቁመታም ገንዳ ግን ራሱ ይገለበጣል። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር በብረት ማዕዘን እሰሩት።

መልኩን በተመለከተ፣ ክዳንና ጠርዝ የሌለው ገንዳ ለባዶ ሳሎን ይስማማል። ተራ መስታወት ወፍራም ሲሆን ጠርዙ አረንጓዴ ይመስላል። አቅም ከፈቀደ የፊት ለፊቱን ብቻ ብረት ከተቀነሰበት ጥርት ያለ መስታወት አሠሩት። ለዚህ ቁመት 12 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ። አክሪሊክ ቀላል ነው፤ ግን ስታጸዱት ይጫራል። ጭረት ደግሞ ምንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ቶሎ ይታያል። መስታወት ቤት ካሠራችሁ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን እንዳይጠቀሙ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ያ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ሲገባ እንስሳቱን ይገድላል።

ድንጋዩን አታብዙት። 30 ወይም 35 ኪሎ ደረቅ የሪፍ (የኮራል ክምር) ድንጋይ በቂ ነው። ሁለት እኩል ያልሆኑ ክምሮች አድርጉት፤ ትልቁን ከመሃል ወደ አንድ ጎን ግፉት፤ ሲሶው ነጭ አሸዋ ብቻ ይሁን። ኮራሉ አድጎ ይሞላዋል። ለሲክሊዱ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ያምራል። ከቦርከና ዳር ግን አታንሱ፤ ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል።

ማሽኑን መደበቅ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከአኳሪየሙ ጀርባ በጥቁር መስታወት ከፍሎ ፓምፑንና ማሞቂያውን እዚያ መክተት ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ከገንዳው አይወጣም፣ አይፈስም። ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር ወርድ 12 ያህሉን ይወስዳል፤ ድምፁም ሳሎኑ ውስጥ ነው። እስከ 200 ሊትር ድረስ ይህ ይሻላል።

ከዚያ በላይ ሳምፕ ነው። ሳምፕ ካቢኔው ውስጥ ከሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃ ከላይ በቱቦ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ በፓምፕ ይመለሳል። ማሞቂያው፣ ስኪመር የሚባለው ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ሁሉም እዚያ ይሰወራሉ። ላይ የሚታየው ውሃና ሕይወት ብቻ ነው።

የሳምፕ አደጋው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ በመመለሻው ቱቦ ወደ ታች ይሳባል። 150 በ60 በሆነ ገንዳ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 9 ሊትር ነው። የቱቦው አፍ 4 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ 36 ሊትር ይወርዳል። ሳምፑ ያን መያዝ ካልቻለ ውሃው ሴራሚኩ ላይ ነው፤ ከዚያም ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ። ስለዚህ 120 ሊትር የሚይዝ ሳምፕ አሠርታችሁ 70 ሊትር ብቻ ሙሉት። የቱቦውን አፍ ወደ ገጹ አቅርቡት። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ፓምፑን ራሳችሁ አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩት። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ እኛ ጋ የየሳምንቱ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሳምፑን የምታሠሩት ለዚህ ቀን ነው።

ለድምፅ ደግሞ ሁለት መውረጃ ቱቦ አድርጉ። አንዱ በቫልቭ ተስተካክሎ ሙሉ በሙሉ ውሃ ሞልቶት ይውረድ፤ ሌላው ለድንገት ይቀመጥ። አየር የማይገባበት ቱቦ አይንኮሮኮርም።

ወለሉ

ይህ አኳሪየም ከነጠረጴዛው፣ ከነሳምፑና ከነድንጋዩ 700 ኪሎ ይጠጋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ጭነት ታስቦ ነው የሚነደፈው። ይህ በክፍሉ ሁሉ የተዘረጋ ጭነት ስለሆነ 700 ኪሎው ወዲያው አደጋ ነው ማለት አይደለም። ግን 0.9 ካሬ ሜትር ላይ ተሰብስቦ ለዓመታት የሚቀመጥ ክብደት ነው። ብዙ የኮንዶሚኒየም ወለሎች ተዘጋጅቶ በሚመጣ ቢምና በባዶ ብሎኬት የተሠሩ ናቸው። ቢሙ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚያውቅ መሐንዲስ ቀድሞ ይየው። ምድር ቤት ከሆናችሁ ጭንቀቱ በጣም ይቀንሳል። ፎቅ ላይ ከሆነ ከክፍሉ መሃል ይልቅ ቢም ወይም ኮለን ያለበት ግድግዳ ሥር አድርጉት። ሳሎንን ከመመገቢያው የሚለይ፣ በሦስት በኩል የሚታይ አኳሪየም በፎቶ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያርፈው ልክ ወለሉ ደካማ በሆነበት መሃል ነው።

ጠረጴዛውን ከአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ አራት ማዕዘን) ብረት አስበይዱት፤ ጨው ስለሚበላው ከውስጥም ከውጭም ፀረ ዝገት ይቀባ። በኤምዲኤፍ ሸፍናችሁ ግድግዳውን የሚመስል ቀለም ስጡት። ከመሙላታችሁ በፊት በውሃ ልክ አስተካክሉ።

መብራት ሲሄድ

ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ብርዱን ነው። ቀድሞ የሚገድለው ግን የኦክስጅን እጥረት ነው። ስለዚህ ባትሪ ስትገዙ ውሃውን ለሚያንቀሳቅሰው የሞገድ ፓምፕ አስቡት። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ተራውን የሊድ ባትሪ ከግማሹ በታች ካላወረዳችሁት ይሰነብታል፤ ስለዚህ 600 ቁጠሩ። ያ 20 ዋት የሆነ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ያዞራል። ያው ባትሪ 300 ዋት ማሞቂያ የሚያሠራው 2 ሰዓት ብቻ ነው። ለማሞቂያ ባትሪ አትግዙ።

ለብርዱ መከላከያው ራሱ የውሃው ብዛት ነው። ክፍሉ ከውሃው በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ 400 ሊትር ውሃ በሰዓት የሚያጣው ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ያህል ነው። 100 ሊትር ውሃ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። ትልቁ ስምንት ሰዓት ያለ መብራት ቢያድር ከ25 ወደ 22 ይወርዳል፤ ለስላሳ ኮራል ይህን ይችላል። ደሴ ላይ የጀርባውንና የጎኑን መስታወት በፎም ብትሸፍኑት ደግሞ ይቀንሳል። ከፊት ስለማይታይ መልኩን አያበላሽም። ማታ ማታ ወፍራም ብርድ ልብስ መደረብም ያግዛል፤ ከላይ ግን አየር መግቢያ ተዉለት።

ደሴ ላይ አንድ 600 ዋት ማሞቂያ ከምትገዙ ሁለት ባለ 300 ግዙ። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ በርቶ ይቀራል። ትንሹ በርቶ ቢቀር ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ትልቁ ግን ውሃውን ቶሎ ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ባለ 200 ወይም 300 ይበቃል። በምትኩ ለግንቦት ገጹ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ፋን አዘጋጁ፤ በትነት ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ግን ትልቅ ነው፣ ይጮኻል፣ ክፍሉን ያሞቃል። ለእንዲህ ያለ ቤት አይሆንም።

የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ከአኳሪየሙ ጋር አንድ መስመር ላይ አይሁን። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል ስታብላይዘር አስገቡ። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም አስገጥሙ። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ይበል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ውሃውና ጨው

ለኮራል የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። በአርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ) ማጣሪያ አልፎ፣ ከዚያም የቀረውን ማዕድን በሚይዝ ሬዚን አልፎ ባዶ ውሃ መሆን አለበት። አርኦ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ 10 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ የሚሰጠው 1 ባር ነው። ስለዚህ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ያለውን ግዙ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሁለት፣ ሦስት አንዳንዴም አራት ሊትር ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ውሃ በበርሜል ያዙት፤ ለልብስና ለወለል ያገለግላል። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ ማፍሰስ ነውር ነው።

በክረምት ጣሪያ ላይ የሚወርደው ውሃ ያጓጓል። ቆርቆሮ ግን በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክና መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን በጣም ትንሽ መጠን ይገድላሉ። አትጠቀሙበት።

ጨው ሲባል የአፍዴራ ጨው ለምን አይሆንም የሚል አለ። የገበታ ጨው በአብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ ነው። ባህር ውስጥ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ካርቦኔትም በልካቸው አሉ። ኮራል የሚኖረው በእነሱ ነው። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባህር ጨው ነው የሚያስፈልገው። በሊትር 36 ግራም ገደማ ይገባል፤ ለመጀመሪያው ሙሌት 15 ኪሎ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 40 ሊትር ለመቀየር በወር 3 ኪሎ ያህል ነው። የስድስት ወሩን አንድ ላይ ያዙ፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም ዕቃ ቢጠፋ ውሃ የመቀየሪያው ጊዜ አይጠብቅም።

የቤቱ አየር

ደሴ ላይ በብርዱ ጊዜ መስኮት ይዘጋል። ከሰል ላይ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ክፍሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ውሃው ውስጥም ይገባል፤ የውሃው ፒኤች ይወርዳል፤ ማለትም አሲድነቱ ይጨምራል። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት ጠርዝ ወደ ውጭ ማውጣት ችግሩን በጣም ይቀንሳል። ቡናው በረንዳ አጠገብ ይፈላ።

ኮምቦልቻ ላይ የሚያሰጋው ፍሊት ነው። የወባ ትንኝና የዝንብ መግደያ ውስጥ ያሉት ፓይረትሮይዶች ለዓሣና ለሽሪምፕ ከባድ መርዝ ናቸው። አኳሪየሙ ባለበት ክፍል በፍጹም አይነፋ። አጎበር ተጠቀሙ። ቤቱን የምታጸዳውም ሆነ እንግዳ የሚመጣው ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

እንስሳቱ ከየት ይመጣሉ?

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ መኪናውም በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የተነቀለ ኮራል ይዞልኝ ይምጣ የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታድርጉት። ጠንካራ ኮራሎች ለአደጋ የተጋለጡ የዱር ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይትስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። የዱር ኮራልም ከለመደው ባህር ሲነቀል ይጎዳል። በአኳሪየም የተራባ ቁራጭ ግዙ። ክላውን ፊሽ የሚባለውን ትንሽ የባህር ዓሣም በእርባታ የተወለደውን ምረጡ፤ አመጋገቡም ጤናውም ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣ መንገዱ ራሱ ፈተና ነው። ጣርማ በር ላይ ይበርዳል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ይሞቃል፣ ደሴ ላይ እንደገና ይበርዳል። በፎም ሳጥን፣ ኦክስጅን ተሞልቶ በታሸገ ድርብ ፕላስቲክ ይምጣ። ፕላስቲኩ በከፍታው ስለሚነፋ ሲታሸግ ጢም ብሎ አይሞላ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

ገንዳው እንደተተከለ መጀመሪያ በተራ ውሃ ሙሉትና ሦስት ቀን ፍሳሹን ተከታተሉ። ከዚያ አፍስሳችሁ በጨው ውሃ ሙሉት፤ ድንጋዩን አስገቡ፤ ማሞቂያውንና ፓምፑን አስነሱ። ቆሻሻውን የሚሰብሩት ባክቴሪያዎች እስኪረቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከቆሻሻው የሚወጡት መርዞች አሞንያና ናይትራይት ከፍ ብለው ተመልሰው ሁለቱም ዜሮ ሲነበቡ ሁለት ክላውን ፊሽ ይግቡ። ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ለስላሳ ኮራል አስቀምጡ። ሌላ ዓሣ የምትጨምሩት መብራት ጠፍቶ ባደረበት ማግሥት ሁሉም እንደ ወትሮው ሲበሉ ካያችሁ በኋላ ይሁን። ደሴ ላይ ከአምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ዓሣዎች አትለፉ።